ማን ነበር የነዳው?

«ማን ነበር የነዳው?»

ይቺን ጥያቄ የጠየቀችን የክፍላችንን ታይምሺት፣ የሥራ ሰዓት መሙያውን ቅጽ፣ የምታየው ሴትዮ ናት። ሰኞ ጧት ነበር። እኔና የሥራ ባልደረባዬ ከነብራስካ ከተመለስን ሁለት ቀናችን ነው። አንድ አውሮፕላን ተሳፍረን፣ አንድ መኪና ውስጥ ገብተን፣ አንድ ሆቴል አድረን የመጣን ሰዎች ነን። እሷ ግን በአንዲት ጥያቄ ለየችን። እሱ «እኔ ነኝ የነዳሁት» አላት። የሆነ ቁጥር ጻፈች። ወደ እኔ ዞር አለች። «እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር» አልኳት። ሌላ ቁጥር ጻፈች።

ከዚያ ብዕሯን አስቀምጣ አንድ ነገር ጨመረች። «ከዚህ በፊት የእሁድ ጉዞህን አስሞልተህ አታውቅም እኮ። ለምንድነው?»

መልስ አልነበረኝም። ለአሜሪካ ፌደራል መንግሥት መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልፎኝ ነበር። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ብዙ እሁዶችን ኤርፖርትና መንገድ ላይ አሳልፌአለሁ። አንዱንም ሰዓት ብዬ ቆጥሬው አላውቅም። ያን ቀን ቤቴ ስገባ የመጀመሪያው ጥያቄዋ ሳይሆን ሁለተኛው ነው አብሮኝ የገባው። ዛሬም አልለቀቀኝም።

ያቺ እሁድ

የምሠራው የመለኪያ መሣሪያዎችን የመፈተሽና የማስተካከል ሥራ ነው። ቴክኒሺያን ነኝ። ቤቴ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። መሣሪያዎቹ ግን ያሉት ሩቅ ነው፣ ብዙዎቹ ከትልቅ ከተማ ወጣ ባሉ ቦታዎች። ሥራው ሰኞ ጧት እንዲጀመር ተብሎ እሁድ ነው የምንንቀሳቀሰው።

እሁድ እዚህ ሀገር ላለ ሐበሻ ምን እንደሆነ ለአንባቢዬ መንገር የለብኝም። ቅዳሴው እሁድ ነው። ማኅበሩ እሁድ ነው። ክርስትናው፣ ለቅሶ መድረሱ፣ የታመመ መጠየቁ፣ ሁሉም እሁድ ላይ ነው የሚከመረው። ልጆቻችን አማርኛና ግዕዝ የሚማሩትም በዚያው ቀን ነው።

ያን እሁድ ልጄ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆማ አቡነ ዘበሰማያትን በግዕዝ ልትል ነበር። ሰባት ዓመቷ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ስትለው ሰንብታለች። «ሲሳየነ» ላይ ሁሌ ትደናቀፋለች። እናቷ ሽንኩርት እየከተፈች ታርማታለች፣ እሷ ደግሞ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። እኔ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት መውጣት ነበረብኝ። ሰዓቱን በሀገራችን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት 7 ሰዓት ተኩል ደረስኩ። ፍተሻውን አልፌ በሩ ጋ ስደርስ ባለቤቴ የላከችው ቪዲዮ ስልኬ ላይ ገብቶ አገኘሁት።

ቆሜ አየሁት። ልጄ ነጭ በነጭ ለብሳለች። ነጠላዋ ከትከሻዋ እየወረደ በግራ እጇ ትይዘዋለች። «ሲሳየነ» ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆም አለች። አይኗ ሰው ፈለገ። ከዚያ ጨረሰችው። እልልታው ሲቀልጥ ስልኬ ድምፁን መሸከም አቅቶት ተንሻጠጠ። ዙሪያዬን ሰው ሁሉ የራሱን ሻንጣ ይጎትታል። ባልደረባዬ ቡና ይዞልኝ መጣ።

አውሮፕላኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ። አራት ሰዓት በርረን ዴንቨር ገባን። የዴንቨር ሰዓት ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር እዚያ ገና 11 ሰዓት ተኩል ነው። የኪራይ መኪናውን አንስተን 12 ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ጀመርን። መድረሻችን ስኮትስብላፍ ናት፣ የነብራስካ ምዕራብ ጫፍ። ወደ ሰሜን በሻያን በኩል ወጥተን፣ በምሥራቅ ወደ ኪምቦል፣ ከዚያ እንደገና ወደ ሰሜን። 200 ማይል ያህል ነው። ሆቴሉ በር ላይ ስንቆም የቦታው ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ50 ነበር። እቤቴ ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ቀርቶታል።

ኤርፖርት ከደረስኩበት እስከ ሆቴሉ በር ሲቆጠር 10 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። እንዲህ ብዬ የቆጠርኩት ግን በኋላ ነው። ያን ቀን «መንገድ ነው» ብዬ ነው ያለፍኩት።

አበል የሚቆጥረው ሆድን ነው

ለምን እንዳልቆጠርኩ ሳስብ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ።

አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ዞን መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር የምሠራው። መስክ እንወጣለን። መስክ መውጣት የሚፈለግ ነገር ነበር፣ ምክንያቱም አበል አለው። ደመወዙ ወር አያደርስም። አበል ቀዳዳውን ይደፍናል። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ አልጋ እየተባለ በፐርሰንት ተከፋፍሎ ይታሰባል። ስንት ሌሊት አደርክ? የት አደርክ? ይኼው ነው ጥያቄው። ስንት ሰዓት ተጓዝክ የሚል ቅጽ አልሞላሁም። አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም።

ሕጉ ሰዓትን አያውቅም ማለቴ አይደለም። በኔ ጊዜ የሚሠራበት የ1999 ዓ.ም. የፌደራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የሳምንቱ መደበኛ ሥራ ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ትርፍ ሰዓት ለሠራ ክፍያ ወይም የማካካሻ ዕረፍት እንዲሰጠውም ያዛል። የክልሎቹም ሕግ ከዚያው የተቀዳ ነው። ግን መንገዱን ከዚያ ጋር የሚያያይዘው ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ሌሊት ተነስተህ መሐል ሜዳ ከገባህ አበሉ ይታሰብልሃል። ቅዳሜህ ግን አይታሰብም። እኛም አልጠየቅንም። አበሉን ካገኘን ጉዞው የተከፈለ ይመስለን ነበር።

ሹፌራችን ትልቅ ሰው ነበር። ጋሼ ነበር የምለው። ከጣርማ በር ተገንጥለን ወደ መንዝ ስንታጠፍ ጭጋጉ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። እሱ አንገቱን ወደፊት ሰግጎ፣ በአንድ እጁ መሪ ይዞ፣ በሌላው በጨርቅ መስታወት እየወለወለ ይነዳል። እኛ ባለሙያ የተባልነው ከኋላ እንተኛለን። ጠዋት ተነስተን ስንወጣ እሱ ቀድሞን ተነስቶ መኪናውን አጥቦ ይቆየናል።

አንድ ቀን ማታ እራት ላይ «ጋሼ ደክሞሃል፣ ነገ አርፈህ ውጣ» አልኩት። ዳቦውን ቆርሶ ወጥ እያጠቀሰ «አንተ ልጅ» አለኝ፣ «እኔስ መሪ ይዤ ነው፣ መድከሜ ይታያል። አንተ ደግሞ ሰባት ሰዓት ተንገላተህ ምንም እንዳልሠራህ ነው የምትቆጠረው።»

የዚያን ጊዜ ለእኔ ከማሰብ የመጣ ደግነት ብቻ መስሎኝ ነበር። ደግነትም ነበረበት። አሁን ግን አንድ የቸገረ ነገር ለይቶ እንዳየ ገባኝ። ነብራስካ መንገድ ላይ ያጋጠመኝ ያው ነገር ነው።

አበልና ክፍያ ሁለት ነገር ናቸው። አሜሪካም ውስጥ እንደዚያው ነው። ፐርዲየም ይሰጠኛል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን የምግቡ 75 ፐርሰንት ይታሰባል፣ በመሐል ያሉት ቀናት ሙሉውን። ቫውቸሬን ሞልቼ፣ ደረሰኜን አያይዤ እልካለሁ። ገንዘቡ ሲገባ ልቤ «ጉዞው ተከፈለ» ይላል። ያ ስሜት ከደብረ ብርሃን ይዤው የመጣሁት ነው። አበል ግን የሚቆጥረው ሆድንና አልጋን ነው። እኔ የበላሁትን ይከፍላል። ከኔ የተወሰደውን አይከፍልም።

ከጎን የተቀመጠው ሰው

ከዚያች ሰኞ በኋላ ማታ ማታ ሕጉን ማንበብ ጀመርኩ። ባልደረባዬ ረዳኝ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፤ እሱ 20 ዓመት የሠራ ሰው ስለሆነ የቱ ገጽ ላይ ምን እንዳለ ያውቃል።

የአሜሪካ የሠራተኛ ሰዓትና ክፍያ ዋናው ሕግ እ.ኤ.አ. የ1938ቱ ነው። የፌደራል መንግሥት ሠራተኞች ግን ከዚያ ሕግ ሥር የገቡት በ1974 ነው። የእኔ ዓይነቱ ቴክኒሺያን በዚህ ሕግ ይሸፈናል። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራበት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈለዋል። ጉዞ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይጠብባል። የእኔ መደበኛ ሰዓት ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጧቱ 2 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ ሰዓት ውስጥ ከተጓዝኩ ሥራ ነው። መሪ ከያዝኩ በማንኛውም ሰዓት ሥራ ነው። ደርሼ በዚያው ቀን ከተመለስኩ፣ ተሳፋሪም ብሆን፣ ሥራ ነው። አድሬ የምመለስ ከሆነና ቀኑ እሁድ ከሆነ ግን፣ ተሳፋሪ ሆኜ የሚቆጠርልኝ ከሥራ ሰዓቴ ጋር የሚገጥመው ሰዓት ብቻ ነው።

ስለዚህ ያቺ እሁድ እንዲህ ተቆረጠች። ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ተኩል ያለው ሦስት ሰዓት ለሁለታችንም ኦቨርታይም ነው። ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ አውሮፕላኑ ውስጥ የነበርንበትና መኪና የጠበቅንበት አራት ሰዓት ለሁለታችንም አይከፈልም። ከዴንቨር እስከ ስኮትስብላፍ ያለው 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ለባልደረባዬ ኦቨርታይም ነው። ለእኔ አይደለም። አንድ መኪና፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ጨለማ። መሐላችን የቡና ስኒ ማስቀመጫ ብቻ ነው ያለው።

ባልደረባዬ አይገባውም እያልኩ አይደለም። በፍጹም። በሌሊት 200 ማይል መንዳት ሥራ ነው፣ የሰው ነፍስ ይዞ ነው የሚነዳው። ጥያቄዬ ስለ ራሴ ወንበር ነው። ሕጉ የሚጠይቀው «በዚያ ሰዓት ምን ስትሠራ ነበር?» ብሎ ነው። ተቀምጬ ነበር። መተኛት እችል ነበር። መጽሐፍ ማንበብ እችል ነበር። ስለዚህ ጊዜው የራስህ ነው ይላል። ከምን እንደመጣ ይገባኛል። ሰው ከቤቱ ሥራ ቦታው ለሚሄድበት መንገድ አሠሪው አይከፍልም የሚለው የ1947ቱ ሕግ አለ። ያ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። የት እንደምኖር የመረጥኩት እኔ ነኝ። ስኮትስብላፍን ግን እኔ አልመረጥኩም። እሁድንም አልመረጥኩም።

የራስህ ጊዜ ማለት ምን ማለት ነው? መተኛት መቻል ነው? እንግዲህ ልጄ አይኗ ሰው በፈለገ ሰዓት እዚያ መቆም አልችልም ነበር። ጊዜዬ የራሴ ቢሆን ኖሮ የምሆነው እዚያ ነበር። ለኔ መለኪያው ይኼ ነው። እጄ ሥራ ይዟል ወይ ሳይሆን፣ ሰዓቱን ያዘዘው ማነው።

በዚህ የማስበው እኔ ብቻ አለመሆኔን ሳውቅ ደስ ብሎኛል። ኖርዌይ ውስጥ አንድ ፖሊስ ከመደበኛ ጣቢያው ውጭ ታዝዞ የሚሄድበት መንገድ የሥራ ጊዜ ነው ብሎ ተከራከረ። በ2017 ኖርዌይ፣ አይስላንድና ሊክተንስታይን በጋራ ያላቸው የኢፍታ ፍርድ ቤት ደገፈው። በ2021 ደግሞ የአይስላንድ የትራንስፖርት ባለሥልጣን ሠራተኛ የሆነ የአውሮፕላን ቴክኒሺያን ወደ እስራኤልና ሳዑዲ ዓረቢያ ስለተላከበት ጉዞ ጠየቀ። እንደ እኔ ቴክኒሺያን ነው፣ እንደ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ። ለእሱም የጉዞው ጊዜ የሥራ ጊዜ ነው ተባለ። ፍርድ ቤቱ ያየው ሠራተኛው በዚያ ሰዓት ጊዜውን እንደልቡ ማዘዝ ይችላል ወይ የሚለውን ነው። እርግጥ ውሳኔው ስለ ዕረፍትና ስለ ሥራ ሰዓት ገደብ ነው። ስንት ይከፈል የሚለውን ለየሀገሩ ሕግ ነው የተወው። ቢሆንም ጥያቄው በትክክል ተጠየቀ። እኔ እሱ በቂዬ ነው።

በሰማይ ያለች ላም

የአሜሪካ ሕግም ዝም ብሎ አልተወውም፣ ይኼን መናገር አለብኝ። በ2004 ኮንግረስ አንድ ሕግ አወጣ። ከጃንዋሪ 2005 መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በኦቨርታይም የማይቆጠር የጉዞ ሰዓት በዕረፍት ይካካሳል። አንድ ሰዓት ለተጓዝክ አንድ ሰዓት ዕረፍት። ኤርፖርት የምትጠብቅበት የተለመደው ጊዜም ይገባል። መንገድ ላይ ቁጭ ብለህ እራት ከበላህ እሱ ይቀነሳል። ያቺ እሁድ ለእኔ ሦስት ሰዓት ኦቨርታይምና ሰባት ሰዓት ገደማ የጉዞ ማካካሻ ነበረባት ማለት ነው።

ጥሩ ሕግ ነው። ከምንም ይሻላል አልልም፣ ከዚያ በላይ ነው። ሰዓቱ የኔ እንዳልነበር አምኖልኛል። ግን ሦስት ነገር አለበት። አንደኛ፣ ካልጠየቅክ የለም። መሥሪያ ቤቱ ባስቀመጠው ቀን ውስጥ ማመልከት አለብህ። ሁለተኛ፣ በ26 የደመወዝ ጊዜ ውስጥ፣ ማለትም በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ካልወጣህበት ይቃጠላል። ሦስተኛ፣ ወደ ገንዘብ አይለወጥም። ሥራ ብትለቅም አይከፈልህም። ሥራ የበዛበት ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ያንን ዕረፍት መቼ ይውጣው? ባልደረባዬ አንድ ዓመት 40 ሰዓት ገደማ ተቃጥሎበታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይኼ ነው።

አንድ ሌላ አንቀጽ ደግሞ አለ። ይህንን ሳነብ ከወንበሬ ተነስቼ ነው የቆምኩት። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሠራተኛውን ጉዞ በተቻለ መጠን በመደበኛው የሥራ ሳምንት ውስጥ እንዲያደርግ ሕጉ ያዘዋል። በተቻለ መጠን። ማለትም የእሁድ ጉዞ ልዩ ነገር መሆን ነበረበት። እኛ ዘንድ ግን ልማድ ሆኗል። እሁድ ሂድ፣ ሰኞ ጧት ጀምር። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አይደለም። ሁሌ እንደዚያ ስለነበር ነው።

አለቃዬን ጠየቅኩት። ሰኞ ብንጓዝና ማክሰኞ ብንጀምርስ? ክፉ ሰው አይደለም፣ አሰበበት። «አንዳንዱ ቦታ ሰኞ ጧት ብቻ ነው የሚከፈትልን» አለኝ። «የሌላውን ግን አላሰብኩበትም ነበር።» ከዚያ ወዲህ ከጉዟችን ገሚሱ ያህል ወደ ሰኞ ዞሯል። ይኼን ለማግኘት ያወጣሁት አንድ ጥያቄ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ ያልመጣ ጥያቄ።

ለምን አልጠየቅኩም

ወደ ሴትዮዋ ሁለተኛ ጥያቄ ልመለስ። «ለምንድነው?»

ለባለቤቴ ነገርኳት። ሁሉንም ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየኋት። አየችውና ወረቀቱን መለሰችልኝ። «እና እሁድህን ስንት ሸጥከው?» አለችኝ። ተቆጥታ አይደለም። መልሱን ማወቅ ፈልጋ ነው። «አልሸጥኩትም፣ ዝም ብዬ ነው የሰጠሁት» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። «የአንተን ብቻ አይደለም እኮ የሰጠኸው።»

ይሉኝታ ነው። ሌላ ስም የለውም። አዲስ ገቢ ነኝ። ዜግነቴን አግኝቼ፣ ረጅም ቅጥር ሂደት አልፌ፣ የመንግሥት ሥራ ይዣለሁ። እናቴ ሀገር ቤት ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች። እንዲህ ያለ እንጀራ አግኝቼ በሰዓት ልከራከር? ስግብግብ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ሰነፍ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። «እነዚህ ሰዎች ገና ሳይደላደሉ መጠየቅ ይጀምራሉ» እንዳይባል፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣውን ሐበሻ ስም እንዳላበላሽ ጭምር ነበር የማስበው።

በዚህ የታነጽን ብዙ ነን። አውቶቡስ የሚነዳ ወዳጄ አለኝ፣ ነርሲንግ ሆም የምትሠራ ዘመዴ አለች። ሁለቱንም ስጠይቃቸው የሚሉት አንድ ነው፤ «ተወው ባክህ፣ ለዚህች ብለህ?» ለዚህች የምንላት ግን ስትደማመር ልጅ የምታድግበት ጊዜ ናት። አያቶቻችን ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ያሉት በቤተ መንግሥት ደጅ ጠንተው ነው። ዝም ያለን ሰው ጨዋ ነው ይሉታል፣ ሹመቱን ግን ለተናገረው ይሰጡታል።

ሌላም ነገር አስተውያለሁ። ባልደረባዬ ሰዓቱን ሲያስሞላ ፊቱ ላይ ሀፍረት የለም። ኩራትም የለም። ኪሎ ሜትር ቆጣሪ እንደሚያነብ ሰው ነው የሚናገረው። «ይሄን ያህል ነው፣ ጻፊው።» እኔ ሰዓቴን መጠየቅ ውለታ እንደመለመን ነበር የማየው። ለእሱ መዝገብ ነው። እኔ በቀን ስምንት ሰዓት የሰው መለኪያ ሳስተካክል የምውል ሰው ነኝ። አንድ መሣሪያ ሁለት ፐርሰንት ቢያጎድል አላሳልፈውም።

17 እሁዶች

በመጨረሻ ጠየቅኩ።

እንዲህ ያለ ያለፈ ጥያቄ ወደኋላ የሚታየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሆን ብሎ እንደጣሰው ከታየ ሦስት ይሆናል። የኔ ጉዳይ ሆን ተብሎ የተደረገ አይደለም፣ ስለዚህ ሁለቱን ያዝኩ። የመጀመሪያው ዓመቴ ሄዷል።

ሁለት ቅዳሜ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ደረሰኝ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። የበረራ ወረቀት፣ የሆቴል ደረሰኝ፣ የመኪና ኪራይ ውል። 17 የእሁድ ጉዞ ወጣ። የኪራይ ውሉ ላይ የሹፌሩ ስም አለ። አንድ በአንድ ሳይ በአምስቱ ላይ ያለው የኔ ስም ነው። በእነዚያ አምስት ጉዞዎች መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። በሌሊት፣ በዝናብ፣ አንዱን በበረዶ። እሱንም አላስሞላሁም ነበር። ሕጉ ያለ ምንም ክርክር ሥራ ነው የሚለውን እንኳን ለራሴ ሥራ ነው አላልኩም።

ልጄ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ደረሰኞቹን በቀን በቀን መደርደር ወደደች። «አባ፣ ይሄ ሁሉ እሁድ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። አንዱን አንስታ ቀኑን አነበበችና «ይሄን ቀን ቤዛ ተጠመቀች» አለችኝ። የአክስቷ ልጅ ክርስትና ነበር። እኔ የዚያን ቀን ኦክላሆማ ነበርኩ።

የኦቨርታይሙ ገንዘብ ከአምስት ወር በኋላ ተከፈለኝ። የማካካሻ ዕረፍቱ ግን ማመልከቻው ቀኑ ስላለፈበት አልተሰጠኝም። አልተከራከርኩም፣ ደንቡ እንደዚያ ነው። የታይምሺቷ ሴትዮ የመጨረሻውን ወረቀት ስታስፈርመኝ «አሁን በየሳምንቱ አስሞላ» አለችኝ። እያስሞላሁ ነው። ሁለት አዲስ ልጆች ከኋላዬ ተቀጥረዋል፣ አንዷ የአስመራ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ጉዟቸው ከመድረሱ በፊት ቅጹን አሳየኋቸው።

ከባልደረባዬ ጋር ደግሞ ተስማምተናል። ከዴንቨር ወደ ስኮትስብላፍ ስንሄድ እሱ እስከ ሻያን ይነዳል። ሻያን ነዳጅ ማደያ ቆመን እንለዋወጣለን። ቁልፉን ሲሰጠኝ ሁለታችንም ስልካችንን አውጥተን ሰዓት እናያለን። እሱ በትንሽ ደብተር ይጽፋል፣ እኔ በስልኬ። ከዚያ እኔ ወንበሩን ወደፊት ሳብ አድርጌ መስታወቱን አስተካክላለሁ፣ ምክንያቱም እሱ ረጅም ነው።

በዚህ ዓመት ያጠራቀምኩት የጉዞ ማካካሻ 14 ሰዓት ደርሷል። ባለፈው ሳምንት ስምንቱን ለስቅለት ዓርብ ጠየቅኩበት። የእኛ ስቅለት እዚህ ካላንደር ላይ የለም፣ ሌላ ጊዜ ከዓመት ፈቃዴ ነበር የምወስደው። አለቃዬ በዚያው ቀን ፈረመልኝ። ባለቤቴና ልጄ ጠዋት ይቀድሙኛል ብለው ነበር፣ አሁን አብረን ነው የምንሄደው። ልጄ ስንት ጊዜ እንደምሰግድ ልትቆጥር ነው።